«የውሃው እናት» ወይስ «የውሃ እናቲቱ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በሬሳ ወንዝ ዳር ነፍሳትን እንዲለዩ በማዘጋጀው ወረቀት ላይ «የውሃው እናት ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ጭራው ጫፉ ላይ እንደ ዱላ ያበጠ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «አረፈች» መባል አለበት ይላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ግሡ ላይ ባልደረባዎ ያሸንፋል፤ የባሰው ስሕተት ግን «የውሃው» ነው። «የውሃ እናት» በሁለት ቃል ቢጻፍም የአንድ ፍጥረት (በእንግሊዝኛ «ድራጎንፍላይ») ስም ስለሆነ አመልካቹ፣ ማለትም የታወቀ ነገርን የሚጠቁመው «-ው» ወይም «-ዋ» ዓይነት ቅጥያ፣ መሀሉ አይገባም። «የቤት እመቤቷ» እና «የቤቷ እመቤት» አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፣ «የውሃው እናት» ሲባል አንባቢ የሚያስበው የወንዙን ቆሌ እንጂ ነፍሳት አይደለም።

መጨረሻው ላይ ሲቀጠልም ወጥመድ አለ። «እናቱ» የእሱ እናት፣ «እናቷ» የእሷ እናት ተብሎ ይነበባል። «እናቲቱ» ግን ባለቤትነትን ስለማያመለክት ከዚህ ሁሉ ይገላግላል፦ «የውሃ እናቲቱ አረፈች»፣ «የውሃ እናቲቱን አየናት»። ብዙ ቁጥሩ «የውሃ እናቶች» ነው።

ጾታዋ ከታወቀ «ወንዴ» ወይም «ሴቴ» ይጨመራል፤ ያኔ አመልካቹ ወደ ቅጽሉ ይሄዳል፣ ግሡም ይከተለዋል፦ «ወንዴው የውሃ እናት አረፈ»። እርስዎ በገለጹት ወገን፣ ማለትም በጎምፊዴ ቤተሰብ፣ ይህ ልዩነት ቁም ነገር አለው፤ የጫፉ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በወንዴው ላይ ይጎላልና። ደግሞም የወፈረው ጭራ ሳይሆን ሆድ ነው፤ ከ10ሩ የሆድ ክፍሎች በተለይ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ያለው። «ዱላ» ሲሉም ተማሪው ቀጥ ያለ በትር ያስባል፤ «ቆመጥ» ይሻላል።

ውፍረቱ ብቻውን አያስተማምንም፤ በአንዳንዶቹ እምብዛም አይታይም። ዓይንም ይታይ፤ የአብዛኞቹ የውሃ እናቶች ዓይኖች አናት ላይ ሲገናኙ የእነዚህ ግን ተራርቀው ይቀመጣሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ኖቶጎምፈስ ሩፔሊ ከዚሁ ቤተሰብ ናት። (በሳይንሳዊ ስም ላይ አመልካች አይቀጠልም፤ «ኖቶጎምፈሷ» ጆሮ ይኮረኩራል።)

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ፦ «ወንዴው የውሃ እናት ክንፎቹን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ የሆዱ ጫፍ እንደ ቆመጥ የወፈረ ነው፤ ዓይኖቹ አይነካኩም።»

ስለ ዕድገቷ ከጻፉ፣ ወንዝ ውስጥ አሸዋና ደለል ሰርስራ የምትኖረውን «ዕጭ» ይበሏት። «ሙሽሬ» የሚለውን፣ ማለትም በዕጭና በክንፋሙ መካከል ያለውን ደረጃ፣ ለቢራቢሮ ይተዉት፤ የውሃ እናት በዚያ ደረጃ አታልፍም፤ ከዕጭነት በቀጥታ ክንፍ ታወጣለች።