በር ላይ የተመለሱት፦ ለወጣት የጤና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በቺካጎ በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ሙያውን የምትጀምሩ ወጣቶች እየደወላችሁ የትኛው ሆስፒታል የተሻለ እንደሚከፍል ትጠይቁኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የቤት ኪራይ በምርቃት አይከፈልም። ከደመወዙ ቀጥላችሁ ግን፣ ከዚያ ቤት በር ላይ የሚመለሰው ማን እንደ ሆነ፣ ቀድሞስ ማን ይመለስ እንደ ነበር እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስላችሁ። ኤማ ሬይኖልድስ የተባለች ጥቁር ወጣት ነርስነት ለመማር ብታመለክት፣ የቺካጎ ትምህርት ቤቶች በቀለሟ ምክንያት አልቀበልም አሏት። ወንድሟ ጉዳዩን ለቀዶ ሐኪሙ ለዳንኤል ሄል ዊልያምስ አዋያቸው። እርሳቸውም ለአንዲት ልጅ ደጅ ከመጥናት ይልቅ ከማኅበረሰቡ ገንዘብ አሰባስበው በ1891 ፕሮቪደንት የተባለውን ሆስፒታል ከነርሶች ማሠልጠኛው ጋር በ12 አልጋ ከፈቱ። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ፣ የተገፉ ሰዎች ያቋቋሙት ቤት ራሱ ሌላውን አለመግፋቱ ነው፤ ጥቁርም ነጭም ሐኪም ይሠራበት፣ ጥቁርም ነጭም ሕመምተኛ ይታከምበት ነበር። በ1893 ጄምስ ኮርኒሽ የሚባል ሰው ደረቱን በጩቤ ተወግቶ ሲመጣ፣ ራጅ ገና ባልተገኘበት፣ ደም መስጠትም ባልተለመደበት በዚያ ዘመን፣ ዶክተር ዊልያምስ ደረቱን ከፍተው የልቡን ሽፋን ሰፉለት፤ ሰውዬው ድኖ ወጣ።

እኛ በአጭሩ «ካውንቲ» የምንለው የኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ደግሞ የድሆች ቤት ነበር። ዶክተር በርናርድ ፋንተስ በ1937 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሆስፒታል ደም ማከማቻ ያቋቋሙት እዚያ ነው፤ እንደ ገንዘብ ገቢና ወጪ ስለሚደረግም «የደም ባንክ» አሉት።

ሥራ የጀመርኩት በዚሁ ቤት በ1984 የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው። አንድ ሌሊት አምቡላንስ ያመጣው ሽማግሌ የሌላ ሆስፒታል የስም ማሰሪያ ከእጁ ሳይወልቅ፣ የግሉኮሱም መርፌ ከክንዱ ሳይነቀል ደረሰ። በማስተላለፊያው ወረቀት ላይ ከምርመራው ውጤት ይልቅ ጎልቶ የተጻፈው ኢንሹራንስ የሌለው መሆኑ ነበር። ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጬ የእኛን ሳስርለት «እናንተስ ወዴት ትልኩኛላችሁ?» አለኝ። እንዲህ ያለው መንገላታት በዝቶ በ1986 የወጣው ሕግ፣ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች የመክፈል አቅምን ሳያዩ በሽተኛውን መርምረው ሕይወቱን ከአደጋ እንዲያወጡ አስገደደ። ድንገተኛ ክፍል የምትመደቡ ልጆች፣ ይህን ሕግ ከመድኃኒት መጠን እኩል አጥኑት፤ «መጀመሪያ የኢንሹራንስ ካርዱን ጠይቂው» የሚል አለቃ አይጠፋምና።

በ1914 የተሠራው የካውንቲ ሕንፃ በ2002 ሥራውን ለአዲሱ ሆስፒታል አስረክቦ ለዓመታት ባዶውን ከቆመ በኋላ፣ በ2020 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። ያንን ባለ ጌጥ ግንብ ለማየት አንድ ቀን ጎራ ብዬ ነበር። መግቢያው ላይ የቆመው ወጣት በትሕትና «ክፍል ይዘዋል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በዚያ ቤት ይህን ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለ ነበር ሳቄ መጣ።