በደም ሥር የሚገባው ሽቦ የአባቴን እጅ ያድነዋልን?

ጥያቄ፦ አባቴ የፓርኪንሰን ሕመም ከያዛቸው 8 ዓመት ሆኗቸዋል። ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የቡና ሲኒውን ከአፋቸው የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን «ውጭ አገር ጭንቅላት ሳይነካ በደም ሥር ሽቦ አስገብተው ያድናሉ» ካሉን ወዲህ፣ አባቴ ቤቱን ሸጠን እንሂድ እያሉ ነው። እውነት ነውን?
(ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ቤቱ ባይሸጥ ይሻላል፤ ጎረቤታችሁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገውባችኋል።

በደም ሥር የሚገባው ስቴንትሮድ የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ለልብ ሕሙማን እንደሚገባው ስቴንት በወንፊት መልክ ከቀጭን ብረት የተሠራ ነው። በአንገት ደም መልስ በኩል ተመርቶ፣ እንቅስቃሴን ከሚያዘው የአንጎል ክፍል አጠገብ ባለው ትልቅ ደም መልስ ውስጥ ይቀመጣል። በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2019 በአውስትራሊያ ነው። ሥራው ግን የአንጎልን ምልክት ማዳመጥ ነው፤ እጅና እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች በሐሳባቸው ኮምፒውተር እንዲያዙ ይረዳል እንጂ መንቀጥቀጥን አያቆምም።

ለአባትዎ ዓይነት ሕመም የሚውለው ፕሮፌሰር ቤናቢድና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ ግረኖብል እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያስፋፉት የአንጎል ማነቃቂያ ነው። በእርሱ የራስ ቅል ይበሳል፤ ወፍራምነቱ 1.27 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ እስከ አንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባና ከደረት ቆዳ ሥር ከተቀበረ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። ቅል ሳይበሳ በተጠራቀመ የድምፅ ሞገድ የሚሰጥ ሕክምናም አለ፤ ነገር ግን ሞገዱ ጥቂት የአንጎል ሕዋሳትን በሙቀት ስለሚያጠፋ ማነቃቂያው እንደሚዘጋና እንደሚስተካከል ሊዘጋ ወይም ሊስተካከል አይችልም። ሁለቱም የሕመሙን ምልክት ያቀላሉ እንጂ በሽታውን አይነቅሉም።

እነዚህን ወደ አንጎል የሚገቡ ሽቦዎች የሚሠሩትን መሐንዲሶች ከቀዳዳው ስፋት ይልቅ የሚያስጨንቃቸው፣ በእኛ ግምት፣ ውስጥ የሚቀረው ነገር ጥንካሬ ነው። አንጎል እንደ እርጎ ለስላሳ በመሆኑ፣ ጭንቅላት በተነቃነቀ ቁጥር ጠንካራው ብረት ይፈገፍገዋል፤ ዙሪያውንም ጠባሳ ስለሚይዘው በሽቦውና በአንጎሉ መካከል የሚያልፈው ምልክት እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህም እንደ ፖሊና አኒኬቫ ያሉ ተመራማሪዎች ኤሌክትሪክን፣ ብርሃንንና መድኃኒትን በአንድነት የሚያደርሱ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ለስላሳ ክሮችን ይሠራሉ፤ እነዚህ በአመዛኙ የሚሞከሩት በአይጦች ላይ ነው።

ለአሁኑ አባትዎ ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የሚውጡበትን፣ የሚሻላቸውንና መንቀጥቀጡ የሚመለስበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጽፈው ለነርቭ ሐኪማቸው ያሳዩ፤ መድኃኒቱ ከሥጋ ወይም ከእንቁላል ጋር ሲወሰድ በሚገባ ስለማይመጠጥ፣ የምግባቸውንም ሰዓት አብረው ይመዝግቡ።