ልቅ ሲሆን የሚገባ፣ ሲጨመቅ የሚይዝ ሞላ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዳማ ብረታ ብረት ቤት ነው የምሰራው። ለብሎኬት ማሽን በሞላ የሚመለስ መቆለፊያ ፒን ሰርቼ ነበር። ሞላው በውጭ በኩል 16 ሚሊ ነው፣ ሽቦው 2 ሚሊ፣ ቁመቱ 70። ሞላው የሚገባበትን ጉድጓድ (ቤቱን) በቶርኖ 16.2 አወጣሁት፣ ፒኑ 10 ሚሊ ሆኖ በ10 ፑንታ (መብሻ) በበሳሁት ቀዳዳ ነው የሚሄደው። ሞላው ልቅ ሲሆን ሾልኮ ይገባል፣ ስጨምቀው ግን ይይዝና አይመለስም። ደክሞ ነው? ደንበኛው እየደወለ ነው።

መልስ፦ ሞላውን እንዳትጥለው ወንድሜ፣ ጤነኛ ነው፣ ቤቱ ነው የጠበበው። ሞላ ሲጨመቅ ማጠር ብቻ አይደለም ይወፍራልም፣ የሽቦው ርዝመት ስለማይቀየር ጥምዝምዙ በተኛ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። ያንተ ሞላ ልቅ ሆኖ ከአንዱ ቀለበት ሽቦ መሃል እስከ ቀጣዩ ቀለበት ሽቦ መሃል 6 ሚሊ ገደማ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ወደ 0.12 ሚሊ ይወፍራል፣ በሞላውና በቤቱ መሃል ካለው 0.2 ላይ ይሄን ስትቀንስ የቀረችህ 0.08 ናት፣ እሷንም ሞላው ሲሰራ የሚመጣው የልክ ልዩነት ይበላታል። እኔም ጀማሪ እያለሁ ሁለት ቀን ሙሉ ሞላ ስቀያይር ከርሜ ቤቱን በባትሪ ሳየው ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ነበር። አንተም ሞላውን ማርከር ቅባውና አስር ጊዜ ጨምቀው፣ የት እንደሚፋተግ ቀለሙ ያሳይሃል።

ልኩ እንዲህ ነው፣ የሞላው አማካይ ስፋት (የውጩ ስፋት ሲቀነስ አንድ የሽቦ ውፍረት) ከ13 ሚሊ በላይ ሲሆን የስፋቱን 5 ፐርሰንት ክፍተት ትሰጠዋለህ፣ ከዛ በታች ከሆነ 10 ፐርሰንት። ያንተ አማካይ 14 ስለሆነ 0.7 ይመጣል፣ ወፍሮ በሚደርስበት 16.12 ላይ ስትደምረው 16.8፣ ስለዚህ 17 አድርገው። ግን ይስፋለት ብለህ 20 እንዳታደርሰው፣ ቁመቱ የስፋቱ 5 እጥፍ ነው፣ ከ4 እጥፍ ሲያልፍ ደጋፊ ካጣ ይጎብጣል።

ፒኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ንጹህ ቦታ ቢሆን ቀዳዳውን በሪመር (ቀዳዳ በልክ በሚያለሰልስ መሳሪያ) ኤች7 አውጥተህ ፒኑን ጂ6 አድርግ እልህ ነበር፣ እነዚህ የቀዳዳና የፒን የልክ ደረጃዎች ናቸው፣ ክፍተቱ ከ5 እስከ 29 ማይክሮን (የሚሊ ሺኛ) ነው። የሲሚንቶ ብናኝና የአዳማ ንፋስ ባለበት ግን ይሄ ቶሎ ይነክሳል፣ በ10.2 ብሳውና የሚንሸራተትበትን ርዝመት 20 ሚሊ አድርስለት፣ አጭር ከሆነ ፒኑ ያጋድላል። የሞላው ውስጥ 12 ስለሆነ ከፒኑ ጋር ያለውን 2 ሚሊ አትንካው፣ ሞላውን ቤቱ ብቻ ይምራው። የቤቱን አፍ ደግሞ በሞረድ ገረፍ አድርገው፣ የቀረች ስለት ካለች የሞላውን ቀለበት የምትይዘው እሷ ናት።