ራሜ ሳይሞላ «ሚሞሪ አነሰ» የሚለኝ ለምንድን ነው?

ስለ ቨርቹዋል ሚሞሪ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከራም (ከጊዜያዊ ሚሞሪው) ጋር ዲስኩንም ደርቦ ስለሚጠቀምበት ዘዴ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። አብዛኛው ጥያቄ የዊንዶውስ 10 እና 11 ስለሆነ በዚያው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው። ታስክ ማናጀር (የዊንዶውስ መከታተያ መስኮት) ግን «ኮሚትድ 11.2/13.9» ይላል። 11ዱ ከየት መጣ?

ሠርግ አስብ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ወንበር ራም ነው። ጎረቤት ግቢ የተደረደረው አግዳሚ ደግሞ ፔጅ ፋይል፤ ማለትም ሲ ዲስክህ ላይ የተደበቀ ትልቅ ፋይል ነው። 13.9 የሁለቱ ድምር ነው። 11.2 ደግሞ ካርድ የተሰጠው እንግዳ ብዛት ነው፤ ገና ያልመጣውም ተቆጥሯል። ዊንዶውስ መቀመጫ የሌለው ካርድ አይበትንም። ስለዚህ 11.2 ማለት «ይህን ያህል ቃል ገብቻለሁ» እንጂ «ይህን ያህል ተበልቷል» ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ራም 70 ከመቶ ላይ እያለ «ሚሞሪ አነሰ» ብሎ ብራውዘሬ ተዘጋ። ያሾፍብኛል?

አያሾፍም። ያለቀው ካርዱ ነው። ፕሮግራሞች ብዙ ይጠይቁና ከፊሉን ሳይነኩት ያስቀምጡታል። ወንበሩ ባዶ ይመስላል፤ ግን ተይዟል። ሁለት ነገር ፈትሽ። የፔጅ ፋይሉን መጠን በእጅህ ወስነኸዋል? ሲ ዲስክህስ ሞልቷል? ፋይሉ ማደግ ሲፈልግ ቦታ ካጣ ውጤቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ፔጅ ፋይል ሲጠፋ ኮምፒውተር ይፈጥናል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ላጥፋው?

አታጥፊው እህቴ። እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ አጥፍቼው ነበር። ቪዲዮ እያቀናበርኩ ፕሮግራሙ ድንገት ተዘጋና የሁለት ሰዓት ሥራ ውሃ በላው። ሲጠፋ ዊንዶውስ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ዳታን ከራም አውጥቶ የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል። ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ሲወድቅም የብልሽቱን ሙሉ መዝገብ ለማስቀረት ይቸገራል።

ጥያቄ፦ መጠኑስ የራሙ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን?

ያ የድሮ ምክር ነው። «ሲስተም ማኔጅድ» ላይ ተወው። ዊንዶውስ ራሱ እስከ ራሙ ሦስት እጥፍ ወይም እስከ 4 ጊጋ፣ ከሁለቱ ወደሚበልጠው ያሳድገዋል። ከዲስኩ አንድ ስምንተኛ ግን አያልፍም።

ጥያቄ፦ ፔጅ ፋይሉ እየጻፈበት ኤስኤስዲዬን (አዲሱን ዓይነት ፈጣን ዲስክ) ዕድሜውን አይጨርስብኝም?

በተለመደ አጠቃቀም አይጨርስም። እንቅልፍ አትጪ።

ጥያቄ፦ 4 ጊጋ ራም፣ የድሮ ሃርድ ዲስክ። ሁለት ነገር ከከፈትኩ ዲስኩ ይንጫጫል፣ ማውሱም ይደርቃል።

የዛሬው ዋና ጥያቄ ይሄ ነው። ሚሞሪ 4 ኪሎባይት በሆኑ ቁራጮች፣ በ«ፔጅ»፣ ይከፋፈላል። ፕሮግራሙ የፈለገው ቁራጭ ራም ውስጥ ከሌለ ከዲስክ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ሃርድ ዲስክ አንዱን ፈልጎ ለማምጣት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ራም ከዚያ መቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ራም ላይ አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ፣ በዚህ ሂሳብ ዲስክ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ይሆናል ማለት ነው። ራሙ በጣም ሲጠብ አንዱን ለማስገባት ሌላው ይወጣል፤ የወጣው ወዲያው ይፈለጋል። ያ ጫጫታ የዚህ ምልልስ ድምፅ ነው።

ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ከፍተህ ሚሞሪ በሚለው ሥር «ሃርድ ፎልትስ» የሚለውን እይ፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ ከዲስክ ማምጣት እንዳስፈለገ ይነግርሃል። ፕሮግራም ሲከፈት ለአፍታ ቢዘል ችግር የለውም። ዝም ብለህ እየሠራህ ሳለ በመቶዎች ላይ ከቆየ ግን ራም ጠቦሃል። መጀመሪያ ራም ጨምር፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ። ከመግዛትህ በፊት የራሙ ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጥ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም።

ጥያቄ፦ ራም የሚያጸዳ አፕ ብጭንስ?

ይቅርብህ። ፕሮግራሞቹን ከራም ያስወጣልሃል፣ ቁጥሩ ያምራል፣ ከዚያ ስትነካቸው ተመልሰው ይገባሉ። ራም ባዶ ስለሆነ ኮምፒውተር አይፈጥንም። «ካሽድ» ተብሎ የምታየው ደግሞ አብዛኛው ፕሮግራም ሲፈልገው ወዲያው የሚለቀቅ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ማይክሮሶፍት ነው?

ኧረ አይደለም! በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው አትላስ ኮምፒውተር ቨርቹዋል ሚሞሪ ነበረው። የዚያ «አግዳሚ» የሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ ነበር።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬን ሳላጠፋ በዋልኩ ቁጥር ኮሚትድ እየጨመረ ይሄዳል። የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» ግቢ። የዓምዶቹ ስም ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ኮሚት ሳይዝ»ን ጨምሪና በእሱ ደርድሪው። ጠዋትና ማታ ፎቶ አንሺው። ሥራ ሳትሰጪው ያበጠው እሱ ነው። ዝጊውና ቁጥሩ ከወረደ፣ አፕዴት ካለው አፕዴት አድርጊው።