ሳፋሪ ሎጅ ውስጥ ማደግ ለምትፈልጉ እህቶቼ

ይድረስ ሆቴልና ቱሪዝም ተምራችሁ ልባችሁ ወደ ሳፋሪ ሎጅ ላዘነበለ ወጣት እህቶቼ።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ እንዴት እንደሚገባ ነው። መግባቱስ ይገባል። እንግሊዝኛ የምትችል፣ ሰው የማትፈራ፣ ከከተማ ርቃ መኖር የማይጨንቃት ልጅ ቦታ አታጣም። የሚያስቸግረው ከገቡ በኋላ ከተቀመጡበት መነሣት ነውና የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

ኬንያም ሆነ ታንዛኒያ በሠራሁባቸው ሎጆች ሴቶች የሚገኙበት ቦታ ያው ነበር፤ እንግዳ መቀበያ፣ መኝታ ክፍል፣ ልብስ ማጠቢያ። መኪናው፣ ጀነሬተሩ፣ ግምጃ ቤቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ብዙ ጊዜ ወጥ ቤቱ ሳይቀር የወንድ ነው። ማጀቱ ቤት ውስጥ ሲሆን የእሷ፣ ደሞዝ ሲቆረጥለት የእሱ! ሴት እንዳትገባ ብሎ የጻፈ የለም። ነገር ግን ፈገግታዋ ያማረ ልጅ በር ላይ ብትቆም ሎጁ ይጠቀማል፤ ስለዚህ እዚያው ያቆማታል፤ በየዓመቱም ያመሰግናታል። ምስጋናው ከልብ ነው፤ እድገት ግን አይደለም።

ሥራ አስኪያጅ የሚሾም ሰው የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ከተማ ያለ ሆቴል ቧንቧ ቢፈነዳበት ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ ሽንኩርት ቢያልቅበት ሰው ወደ ገበያ ይልካል። የኬንያው ማሳይ ማራ ወይም የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል መካከል ያለ ካምፕ፣ ማለት ክፍሎቹ ድንኳን የሆኑ ሎጅ፣ ይህ የለውም። ዕቃ በቀጠሮ በጭነት መኪና ይመጣል። ዝናብ ሲጥል የማራ ጥቁር መረሬ መኪናውን ይውጠውና ቀጠሮው ይፈርሳል። እንግዳው የሚመጣባት ትንሽ አውሮፕላን እንኳን የሎጁን ጎመን ልትጭን፣ የራሱንም ሻንጣ ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ በላይ አትቀበልም። መብራቱ ከፀሐይና ከናፍጣ፣ ውሃው ከጉድጓድ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ «ይህን ቤት ለማን ልስጥ?» ሲል የሚያየው ናፍጣው ስንት ቀን እንደሚያደርስ ሳይጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው። በር ላይ ብቻ የቆመች ልጅ ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ስለዚህ ከበሩ ወደ ጓሮው ሂዱ። ማንም አይልካችሁም፤ ራሳችሁ ሂዱ።

አንዲት ኬንያዊት የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ፤ አልጋ አንጣፊ ሆና ነው የገባችው። ሎጁ ውሃውን ከወንዝ ወደ ጉድጓድ ካዞረ ወዲህ አንሶላው ቶሎ ቶሎ ቢጫ እየሆነ መምጣቱን አስተዋለች። ሌሎቻችንም አይተን ነበር፤ ሳሙናውን ረግመን ዝም አልን። እሷ ግን የተጣለውን አንሶላ ደብተር ላይ ትጽፍ ጀመር፤ ከዚያ ግምጃ ቤት ሄዳ የአንዱን ዋጋ ጠየቀች። ባለቤቶቹ ከናይሮቢ መጥተው ወጪው ለምን እንደጨመረ ሲጠይቁ ሁሉም ይገምታል፤ እሷ ደብተሯን ዘረጋች። በየወቅቱ ለአዲስ አንሶላ የሚወጣው ገንዘብ ከውሃ ማጣሪያ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ግምጃ ቤቱን ሰጧት፤ ሲቆይ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነች። በትምህርት ከእኔ ታንስ ነበር፤ በሹመት ግን ቀደመችኝ፤ ይገባታልም።

የወቅቱንም ሒሳብ እወቁ። በምሥራቅ አፍሪካ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ የዱር እንስሳቱ መንጋ ከሴሬንጌቲ ወደ ማራ ሲሻገር አልጋ አይገኝም፤ ሚያዝያና ግንቦት በረጅሙ ዝናብ ብዙ ካምፖች ይዘጋሉ። አንድ ድንኳን ባዶውን ሲያድር ምን ያህል እንደሚያስወጣ የምታውቅ ልጅ በስብሰባ ላይ አፏን ስትከፍት ይደመጣል። ጉርሻም የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ በብዙ ሎጆች አስጎብኚው ጉርሻውን በእጁ ይቀበላል፤ ወጥ ቤቱ፣ አልጋ አንጣፊውና አትክልተኛው ከአንድ ሣጥን ይካፈላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ሣጥኑ እንዴት እንደሚከፈል ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ስግብግብነት የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ይህን ብዙ ሰው አይናገረውም። ብዙ ካምፖች አጥር የላቸውም። ከጨለመ በኋላ ዝሆንም ጉማሬም በድንኳኖቹ መካከል ያልፋል፤ እንግዳም ሠራተኛም ያለ አስካሪ፣ ማለት ያለ ዘበኛ፣ አይንቀሳቀስም። በዚህ ምክንያት ሴቶችን ከሌሊት ተረኛ ኃላፊነት ያስቀሯቸዋል፤ «ለራስሽ ብለን ነው» ይላሉ። በቅንነት የሚሉት አሉ። ነገር ግን እንግዳ በድንገት የሚታመመው፣ ጀነሬተሩ የሚጠፋው፣ አውሮፕላን በሬዲዮ የሚጠራው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሹመት ሲነሣ ደግሞ «እሷ ሌሊት ሠርታ አታውቅም» ይባላል። ስለዚህ ተረኝነቱን እምቢ አትበሉ፤ ዘበኛና ሬዲዮ ጠይቁ፤ የመኝታ ክፍላችሁም ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ከእንግዳ ጋር እራት ተቀምጦ ማስተናገድ የሥራው ክፍል ነው፤ ከእራት በኋላ ያለው ግን አይደለም፤ ይህንን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሁሉም ይወቅ።

አስጎብኚ መሆን ለምትፈልጉ፣ መንጃ ፈቃዱን ዛሬ አውጡ። ኬንያ ውስጥ የአስጎብኚዎች ማኅበር ፈተና ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፤ ወፍ፣ እንስሳ፣ ዕፅዋት፣ ሕግ ሁሉ ይጠየቃል። ሴት መኪናውን ከረግረግ ታወጣዋለች ወይ ብለው ለሚጠራጠሩ መልሱ ቦትስዋና ውስጥ አለ። ቾቤ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ቾቤ ጌም ሎጅ በ2004 እ.ኤ.አ. ሴት አስጎብኚዎችን መቅጠር ጀምሮ በኋላ አስጎብኚዎቹን በሙሉ ሴቶች አደረገ። ኃላፊዎቹ ሴቶቹ መኪና በጥንቃቄ ስለሚይዙ የጥገናና የነዳጅ ወጪ መቀነሱን ተናግረዋል። እንደገና ሒሳብ ነው! ሴሬንጌቲ ያለው ዱንያ ካምፕም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴቶች የሚመራና የሚሠራ ሆኗል። ደስ ይለኛል፤ ግን ልቤን የሚሞላው ሴት ብቻ ያለበት ካምፕ አይደለም። ወንድ መካኒኮችም ወንድ አስጎብኚዎችም ያሉበትን ቤት ሴት ስትመራው ነው።

ከአገር ውጭ ለምታስቡ አንድ ነገር ብቻ። ኬንያ ውስጥ ለመሥራት ቀጣሪያችሁ «ክላስ ዲ» የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለዚያም አገሬው የማይሠራውን ምን እንደምትሠሩ ማስረዳት ይኖርበታል። ትክክል ነው፤ እኛም አገር እንዲሁ ነው። እንግዳ መቀበያ ላይ ለመቆም ማንም ፈቃድ አያወጣላችሁም። ስዋሂሊ ተማሩ፤ አለቃ በእንግሊዝኛ ያዛል፤ ሥራው ግን በስዋሂሊ ነው የሚሠራው።

ልጅ መውለድን በተመለከተ ሕጉ ለራሱ ያህል አለ። ኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የቅጥር ሕግ ሦስት ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር ትሰጣለች፤ ታንዛኒያ 84 ቀን። ችግሩ ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ነው። ልጅ አብዛኛው የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ አይፈቀድም፤ የሥራው ዙር ደግሞ ሳምንታትን፣ በደቡባዊ የአፍሪካ አገሮች እስከ ሦስት ወር ድረስ ያለማቋረጥ ካምፕ መቀመጥ ነው። እናት ወይም እህት ልጁን ካልያዘች የማይሆን ነው፤ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ አሩሻ ቢሮ ገባን፤ አልጋ ማስያዝ፣ ሽያጭ፣ የጉዞ ዝግጅት። ሰው እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ እኔ አላየውም። ድንኳኑን የምታውቅ ሰው ስትሸጠው በወረቀት ብቻ ካወቀው ትበልጣለች፤ ዋጋ የሚወሰነውም ቢሮ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወደ ካምፕ በሥራ አስኪያጅነት የተመለሱ አሉ።

በመጨረሻ ስለ ባልና ሚስት ሹመት። ብዙ ሎጆች፣ በተለይ በደቡባዊ የአፍሪካ አገሮች፣ ሥራ አስኪያጅነቱን ለጥንዶች መስጠት ይወዳሉ፤ ቤት አንድ፣ ደሞዝ አንድ ተኩል፣ ሥራ ግን የሁለት ሰው። እሱ መኪናና ጓሮውን፣ እሷ ወጥ ቤትና እንግዳውን ትይዛለች፤ በወረቀቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፊርማው የእሱ ነው። ቢጣሉ ወይም እሱ ሌላ ሥራ ቢያገኝ ቤቱን የምትለቀው እሷ ናት፤ ዓመታት የመራችውንም ቤት መርታዋለች የሚል ደብዳቤ አታገኝም። ከባለቤቴ ጋር እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብልን ሁለት ውል፣ ሁለት የሥራ መዘርዝር፣ ሁለት የባንክ ሒሳብ ጠየቅሁ፤ እኔም መኪናውንና ናፍጣውን ልያዝ፣ እሱ ወጥ ቤቱን ይያዝ አልኩ፤ እሱ ከእኔ የተሻለ ያበስላል። አንደኛው ድርጅት ተቀይሞ ሳይመልስልን ቀረ። ሌላው በሳምንቱ ሁለቱን ውል ላከ፤ ወደዚያ ሄድን።