ኑን፦ ስሙ ዘጠኝ፣ ሰዓቱ ስድስት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እንግሊዝኛ የጊዜ ቃላት ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ኑን» እኩለ ቀን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው፣ አንድ ተማሪ ቃሉ ከምን እንደመጣ ጠየቀኝ። ምን ልመልስለት? (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከ«ዘጠኝ» ነው ይበሉት። ምንጩ የላቲኑ «ኖና ሆራ»፣ ዘጠነኛ ሰዓት ነው። ሮማውያን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ለ12 ሰዓት ይከፍሉት ስለነበር፣ ዘጠነኛው ሰዓት እኛ ዛሬም ዘጠኝ በምንለው፣ እንግሊዞች ግን ሦስት በሚሉት ጊዜ ላይ ይውል ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛም ቃሉ መጀመሪያ የሚያመለክተው ይህንኑ ሰዓት ነበር።

ታዲያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ እንዴት ሄደ? የቋንቋ አጥኚዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ምክንያት ጸሎትና ማዕድ ነው። በምዕራቡ ገዳማት በዘጠነኛው ሰዓት ይጸለያል፤ በጾም ቀንም እህል የሚቀመሰው ከዚያ ወዲያ ነበር። ጸሎቱም ምግቡም ቀስ በቀስ ቀደም እያለ ቀትር ላይ ደረሰ፤ ስሙም አብሮ ሄደ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ኑን» እኩለ ቀን ሆኖ ጸንቷል። ስፔኖች በበኩላቸው የቀትር ዕረፍታቸውን «ሲየስታ» ያሉት ከስድስተኛው ሰዓት ስም ነው፤ እነርሱ ቁጥሩን አልሳቱም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ የሆነው ተሰዓት ግን ዛሬም በስሙም በሰዓቱም ዘጠኝ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም ይህንኑ ጥንታዊ ሰዓት ይጠብቃል። ይህን ለተማሪዎችዎ አጥብቀው ይንገሩልኝ። ከንጋት የሚጀምረው የሰዓት አቆጣጠራችን እንደ ጉድለት የሚታያቸው ወጣቶች ያሳዝኑኛል፤ እንግሊዞች በየቀኑ የሚጠሩት ቃል የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ አቆጣጠር ነውና።

ጥያቄ፦ «ሰከንድ» በእንግሊዝኛ ሁለተኛ ማለትም ነው። አንደኛው የታለ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንደኛው ደቂቃ ነው። ባቢሎናውያን በ60 ይቆጥሩ ነበር፤ የግሪክ ሊቃውንት ያንን ወስደው የክበብን ዲግሪ ለ60፣ እያንዳንዱንም ክፍል እንደገና ለ60 ከፈሉት። በላቲን የመጀመሪያው ክፍፍል «አንደኛ ትንሽ ክፍል»፣ የቀጣዩ «ሁለተኛ ትንሽ ክፍል» ተባለ። ከፊተኛው «ትንሽ» የሚለው ተወስዶ «ሚኒት»፣ ከኋለኛው «ሁለተኛ» የሚለው ተወስዶ «ሰከንድ» ሆነ። የእኛው «ደቂቃ»ም ከመድቀቅ፣ ከማነስ ጋር ዘመድ ነው። ሰከንድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ በሲዚየም አቶም ይለካል፤ ርዝመቱ የ9,192,631,770 ንዝረት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀቴ «12 ፒ.ኤም.» ይላል። ቀን ነው ሌሊት? (እናት፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ እናቴ፣ በአሜሪካ ልማድ እኩለ ቀን ነው፤ በእኛ ስድስት ሰዓት። «ፒ.ኤም.» የላቲን ምሕጻር ሲሆን ከቀትር በኋላ ማለት ነው። ቀትር ራሱ ከቀትር በፊትም በኋላም ስላልሆነ አጻጻፉ ሰውን ማደናገሩ አይገርምም። ሌላ ጊዜ «12 ኑን» ብለው እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አከራዬ ኪራዩን በየ«ፎርትናይቱ» ክፈል አለኝ። ምን ማለቱ ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ በየሁለት ሳምንቱ ማለቱ ነው። ቃሉ «14 ሌሊት» ከሚለው የጥንት አባባል ያጠረ ነው። የጥንት ጀርመናውያን ጊዜን የሚቆጥሩት በቀን ሳይሆን በሌሊት እንደነበር ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ መዝግቦታል፤ የእንግሊዝኛ አባቶችም ከዚያ ወገን ናቸው። አሜሪካውያን ቃሉን እምብዛም አይጠቀሙበትም። ኪራዩ የወር ሳይሆን የ14 ቀን መሆኑን ግን ውሉ ላይ በቁጥር ያስጽፉ።