ከካሜራው በፊት ደብተሩን ያስቡ

ውድ ጠያቂ፦

የባዮሎጂ ትምህርትዎን ለማጠናቀቅ አንድ ዓመት እንደቀረዎት፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት በትርፍ ጊዜዎ ቦታዎችን፣ ሰዎችንና አእዋፍን በስልክዎ ሲያነሱ እንደቆዩ፣ የእያንዳንዱንም ፎቶ ታሪክ በደብተር እንደሚመዘግቡ ጽፈውልኛል። የጠየቁኝም ትምህርቱን አቋርጠው፣ ጥሩ ካሜራ በብድር ገዝተው በፎቶ አንሺነት ቢሠማሩ ያዋጣዎት እንደሆነ ነው። ትምህርትዎን እንዳያቋርጡ፣ ለካሜራም ብለው ዕዳ ውስጥ እንዳይገቡ እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው ፍላጎትዎን አቅልዬ አይደለም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ሐረግ ብቻ ያለፉት ደብተር ከካሜራው የበለጠ የሙያ መነሻ እንደሚሆንዎት ስለማምን ነው።

ዛሬ ጥሩ ምስል የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው፤ ምስሉ መቼ፣ የትና በምን ሁኔታ እንደተነሳ በታማኝነት የሚያስረዳ ግን ያን ያህል አይገኝም። ቪቪያን ማየር የተባለችው አሜሪካዊት በሞግዚትነት እየሠራች ከ100,000 በላይ ምስሎችን አንስታለች። ሥራዎቿ መታየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 በኪራይ መጋዘን ያስቀመጠቻቸው ዕቃዎች በጨረታ ከተሸጡ በኋላ ሲሆን፣ በ2009 ስታርፍ ግን ያነሳቻቸው ብዙ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሊጠየቅ የሚችል ሰው አልቀረም።

ዶሮቲያ ላንጅ በአንጻሩ አማተር ሳትሆን በሙያዋ ፎቶ አንሺ ነበረች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ ያነሳቻትን፣ ከልጆቿ ጋር የምትታየውን ችግረኛ እናት ስሟንም ሆነ ታሪኳን እንዳልጠየቀቻት ከዓመታት በኋላ ራሷ ጽፋለች። ሴትየዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው በ1978 ነው። ለምግብ ብላ የመኪናዋን ጎማ ሸጣለች የሚለውን የላንጅን ትረካም የሴትየዋ ልጅ እውነት አይደለም ብሎ አስተባብሏል። ዝነኛ ፎቶ እንኳ በተሳሳተ ታሪክ ሲታጀብ የሚጎዳው የተነሳው ሰው ነውና፣ ሰው ሲያነሱ ስሙንና ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ስለ እርሱ የጻፉትንም መልሰው ያንብቡለት።

በእርስዎ ዘርፍ፣ በዱር እንስሳት ላይ፣ ጉዳዩ ከዚህም የበለጠ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታወቀው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር አንደኛ የወጣ አጥር የሚዘል ተኩላ ምስል በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ተሰርዟል፤ አንሺው ቢያስተባብልም ዳኞቹ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል ድምዳሜ ደርሰው ነበር። ምስሉ ያው ነው፤ የወደቀው ታሪኩ ነው። በተቃራኒው ደብዘዝ ያለ የአማተር ፎቶ ቀኑና ቦታው በትክክል ከተመዘገበ ለምርምር ይጠቅማል። ሐምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች በጅራታቸው የታችኛው ገጽ ላይ ባለው የጥቁርና ነጭ ቅርጽ አንዱ ከሌላው ስለሚለይ፣ መንገደኞች ከጀልባ ላይ ያነሷቸው ፎቶዎች አንድ እንስሳ ከየት ወደ የት እንደተጓዘ ለማወቅ ያገለግላሉ። ሰዎች ያዩአቸውን ዕፅዋትና እንስሳት በሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት በተባለው የኢንተርኔት መድረክም ቢሆን ቀንና ቦታ የሌለው ምልከታ ለምርምር ብቁ ወደሚባለው ደረጃ አይደርስም።

በመሆኑም የስልክዎ ሰዓት ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፎቶው በውስጡ የሚይዘው ቀን ከዚያ ይወሰዳልና። በመልእክት መላኪያ የተላኩ ቅጂዎች ይህን መረጃ ሊያጡ ስለሚችሉ ዋናውን ፋይል ያስቀምጡ። አዳኞች የሚፈልጉትን እንስሳ ወይም የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ፎቶ ለሕዝብ ሲያጋሩ ግን የቦታውን መረጃ አስቀድመው ያጥፉ፤ ይህን ቸል ማለት የሚወዱትን ፍጥረት ለጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ በእንስሳት ጥበቃ ምርምር፣ በሙዚየምና በቤተ መዛግብት የምስል ምዝገባ፣ እንዲሁም በመጽሔት የፎቶ አርታኢነት ይፈለጋል። ለማመልከቻ 20 ፎቶዎችን መርጠው ለእያንዳንዱ አጭር መግለጫ ይጻፉ። ያዩትን፣ ሰው የነገረዎትንና የገመቱትን ለይተው ያስቀምጡ፤ እንደ እኔ ግምት ቀጣሪን ከምስሉ ውበት በላይ የሚያሳምነው ይህ ነው። የመመረቂያ ጥናትዎ ርዕስ ገና ካልተወሰነ ደግሞ፣ አማካሪ መምህርዎን ሊያነጋግሩ ሲሄዱ የሦስት ዓመቱን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ በአንድ ቦታ ደጋግመው ያነሷቸው አእዋፍ ካሉ ጥናቱን ከዚያ መጀመር ይችላሉ።